በቀይ ድንጋይ ውስጥ ሕይወት ያገኙት እታባ

ታላቅ እኅቴ፣ ሁላችንም «እታባ» የምንላቸው የሥነ ምድር መምህርት፣ ድማሚት ከሚያፈነዱት አባታችንና ከአዋላጇ እናታችን በ1946 ዓ.ም. በመዳብ ማዕድን ሠራተኞች ሰፈር ተወለዱ። ፍንዳታ በተሰማ ቁጥር የቤታችን ግድግዳ ይርድ ነበር፤ እሳቸው ግን ገና በልጅነታቸው ጭሱ ሳይበተን ወደ ፍንካቹ ይሮጡ ነበር።

ዩኒቨርሲቲ ገብተው ሥነ ምድርን ሲመርጡ እናታችን፣ «ድንጋይ ለማየት ነው ይሄ ሁሉ ትምህርት? በር ላይ ሞልቶልሽ!» ብለው አላገጡባቸው። እታባ ስቀው አስረዷቸው፤ የሰፈራችን ማዕድን እጅግ በጥንት ዘመን ከባሕር ወለል ስንጥቅ በሚፈልቅ የፈላ ውሃ የወጣ ነው፤ በዚያ ውሃ ዳር የኖሩ፣ በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን ቅሪትም በድንጋዩ ውስጥ ሳይኖር አይቀርም። ዕድሜያቸውን የሰጡት ለዚህ ቅሪት ፍለጋ ነው።

በ1974 ዓ.ም. የመሰርሰሪያ ማሽን ባለሙያ የነበሩትን ባለቤታቸውን አግብተው አንድ ሴት ልጅ ወለዱ።

በ1985 ዓ.ም.፣ ማዕድን ማውጫው ከተዘጋ በኋላ፣ እታባና ባለቤታቸው የድንጋይ ናሙና ሊያወጡ እንደገቡ ዘራፊዎች መውጫውን ዘጉባቸው። ከእነእታባ ከረጢት ቢጫ የሚያብረቀርቅ ድንጋይ አውጥተው፣ «ወርቁን ከየት እንዳመጣችሁት ተናገሩ!» አሉ። እታባ «ወርቅ አይደለም፤ ብረትና ድኝ ነው» ቢሏቸው አንደኛው በብረት ዘንግ ፊታቸውን መታቸው። ግራ ዓይናቸው ፈሰሰ። ባለቤታቸው ዘለው አነቁት፤ ሌሎቹ በአካፋና በመዶሻ ተረባርበው እዚያው ገደሏቸው። ከዚያም ንዴታቸውን በድንጋዮቹ ላይ ተወጥተው፣ ሰባብረዋቸው ሸሹ።

ፖሊስ የሰበሰበውን ስብርባሪ እታባ ለመንካት አንድ ዓመት ፈጀባቸው። ከመካከሉ አንድ የቀይ ድንጋይ ስባሪ እንደ ወረቀት አሳስተው በማይክሮስኮፕ ሲያዩት፣ ከፀጉር የቀጠኑ የዝገት ክሮች ተደርድረው አገኙ፤ የተሕዋስያኑ ቅሪት ነበር። ደውለውልኝ፣ «አገኘሁት፤ ግን ለማን ልንገረው?» ብለው አለቀሱ።

ከገዳዮቹ አንዱ በተፈረደበት ዕለት ይቅርታ ሲለምናቸው፣ «አንተን ሳይ እጄ መዶሻ ያምረዋል፤ ዞር በልልኝ» ብለውት ወጡ። በአንድ ዓይናቸው እያዩ ጡረታ እስኪወጡ አስተማሩ፤ ተማሪ ሲያንቀላፋ ጠመኔ መወርወራቸውንም አልተዉም።

ባደረባቸው የሳንባ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ሐምሌ 9 ቀን 2014 ዓ.ም. ዐረፉ። ትንፋሽ ሲያጥራቸው ልጃቸው፣ «እማዬ፣ ፈራሽ እንዴ?» ብትላቸው፣ «አልፈራሁም፤ ተናድጃለሁ። ገና አልጨረስኩም» አሏት።

እታባ ልጃቸውን፣ ሁለት የልጅ ልጆችንና እኔን ታናሽ ወንድማቸውን ትተዋል። አምላክ ያን ቁጣቸውን አብርዶ ነፍሳቸውን በምሕረቱ ይቀበል።