ይድረስ ለአግድም ዐሥራ አራት ባለቤት

ለ«የዕለት ብሥራት» ጋዜጣ የመስቀለኛ ቃላት ክቡር አዘጋጅ
አዲስ አበባ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ዓይንዎ እንደምን ነው? እጅዎስ? ለወግ ያህል የጠየቅሁ እንዳይመስልዎት። ቀኑን ሙሉ ባዶ ሣጥን ሲደረድር የሚውል ሰው ዓይኑ ይደክማል፣ እጁም ሳያስበው አንዱን ጥያቄ ዘልሎ ሊያልፍ ይችላልና፣ እዚህ እንጅባራ ለምንገኝ ደንበኞችዎ የእርስዎ ጤንነት የሰላምና የጠብ ጉዳይ ሆኖብናል። እኛም ደኅና ነን ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ ነበር፤ ግን ውሸት ይሆንብኛል። እኔ በበኩሌ ተቀምጬ መዋል ካቃተኝ ሰንብቻለሁ፤ ይህን ደብዳቤ እንኳ የምጽፈው እየተነሣሁና እየተቀመጥሁ ነው።

ስሜ ጢሞቲዎስ ይባላል። ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ የጽሕፈት መሣሪያና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ፤ የጥሪ ካርድም አትማለሁ። ጋዜጣዎ በአውቶቡስ ተጭኖ፣ አንድ ቀን አርጅቶ ሲደርስ የምቀበለው እኔ ነኝ። የሚሸጠውን ሸጬ አንዱን አስቀራለሁ፤ ከመንገዱ ማዶ የልብስ ስፌት ቤት ያለው አቶ አወቀም መቀሱን አስቀምጦ ወደ እኔ ይሻገራል። እሱ ያነባል፣ እኔ እጽፋለሁ። ሕጋችን አንድ ነው፤ ሁለታችንም ያልተስማማንበት ቃል በእስክርቢቶ አይጻፍም። እሱ የዳንግላ ገጠር ልጅ፣ ጾሙን የማያፈርስ ኦርቶዶክስ ነው፤ እኔ የጥሊሊ ሰው፣ የወንጌል አማኝ ነኝ። ልጆቻችን አንድ ላይ አድገዋል፤ ሃይማኖትም፣ ምርጫም፣ የእግር ኳስ ቡድንም አላጣላንም። ይህን ሁሉ ዘመን ማንም ያልቻለውን እርስዎ በሦስት ባዶ ሣጥን ስለቻሉት፣ አድናቆቴን በቁጥር ከፋፍዬ ለማቅረብ ይፈቀድልኝ።

አንደኛ፦ ስለ ሮም አመሰግናለሁ። «የጣሊያን ዋና ከተማ፣ ሁለት ፊደል» የሚለው ጥያቄ ሳይወጣ የሚያልፍ ሳምንት የለም፤ የከተማዋ ከንቲባ እንኳ እንደ እርስዎ አዘውትሮ የሚያስባት አይመስለኝም። ቃሉ በሣጥኑ አልገባ ሲልዎት ደግሞ «ሲገለበጥ» የምትል መፍትሔ አለችዎት። ባለፈው ወር «የቤት እንስሳ ሲገለበጥ» ብለውን ላምን ከኋላዋ ጀምረን ጻፍናት። በእኛ አገር ላም የምትገለበጠው ገደል ስትገባ ነው፤ ያን ጊዜ ባለቤቷ ያለቅሳል እንጂ ሣጥን አይሞላም።

ሁለተኛ፦ እዚሁ አጠገባችን ያለውን ዘንገናን «በሸዋ የሚገኝ ሐይቅ» ብለው አውጥተውልናል። ሐይቁ መሄዱን አልሰማንም ነበርና ደነገጥን። በማግሥቱ እሑድ ከጸሎት ስወጣ በጥርባ በኩል በሚያልፍ ሚኒባስ ተሳፍሬ ሄጄ አየሁት፤ እዚያው ነው፣ ውሃውም አልጎደለም። ወደፊት እንዲህ ያለ ነገር ሲያዛውሩ ለዞኑ አስተዳደር በደብዳቤ ቢያሳውቁ መልካም ነው እላለሁ።

ሦስተኛው ግን ቀልድ የለበትም፤ እባክዎ ተቀምጠው ያንብቡልኝ። ከጥምቀት በኋላ በወጣው ዕትም አግድም ዐሥራ አራት «ክረምትን የሚያሻግር፣ ሦስት ፊደል» ይላል። ከሦስቱ የሚቋረጠው መካከለኛው ፊደል ብቻ ነው፤ እሱንም የሚያቋርጠው ወደታች ሰባት ነው። ወደታች ሰባት ደግሞ ጥያቄ የለውም። ከስድስት ቀጥሎ ስምንት ነው የጻፉት። ጋዜጣውን ገልብጠን ጀርባውን አየን፤ የሌላውን ሰው ቅጂ ለምነን አስተያየን፤ የለም። ሦስቱ ሣጥኖች መሐላቸውን የሚይዝላቸው አጥተው ሜዳ ላይ ቀሩ።

እኔ «ገብስ» አልሁ። ደጋ ያደገ ሰው ሌላ ምን ሊል ይችላል? ከጎተራ ወጥቶ፣ ተቆልቶ፣ በሶ ሆኖ መስከረምን የሚያሳየው ገብስ ነው። አወቀ «በቆሎ» አለ። የጎተራው እህል ሐምሌ ላይ ሲያልቅ ደራሹ የበቆሎ እሸት ነው አለኝ። እኔም በቆሎ ራሱ ክረምቱን ሜዳ ላይ ቆሞ የሚያሳልፍ፣ ሰው ሊያሻግር ቀርቶ ለራሱም ያልተሻገረ ነው ብዬ ቀለድሁ። እሱ አልሳቀም። እኔ ግን ቀልድ ሲጥመኝ ማቆም አላውቅምና «በቆሎማ የዶሮ ቀለብ ነው» አልሁት። «ገብስህም የፈረስ ነው» አለኝ፤ በአዊ ምድር ፈረስ ያለውን ክብር ለሚያውቅ ይህ ስድብ ይሁን ምስጋና ለመለየት ይቸግራል። ከዚያ በአዊኛ አንድ ነገር አጉረመረመና መንገዱን ተሻግሮ ሄደ። በማግሥቱ አልመጣም። በሳልስቱም አልመጣም።

መልሱ በማግሥቱ መውጣት ነበረበት። በቦታው ላይ ግን የባንክ ማስታወቂያ ወጣ። በሚቀጥለውም ዕትም አዲስ ጨዋታ መጣ እንጂ የዚያኛው መልስ አልመጣም። ወደ ዝግጅት ክፍልዎ ደወልሁ፤ አንዲት ትሑት ሴት እርስዎ ስብሰባ ላይ እንደሆኑ ነገረችኝ። እንደገና ደወልሁ፤ ስብሰባው አላለቀም ነበር። መስቀለኛ ቃላት ለማዘጋጀት ይህን ያህል ሰው መመካከሩ ቢያስደስተኝም፣ ከተመካካሪዎቹ አንዱ እስከ ስምንት መቁጠር ቢችል ኖሮ ምንኛ ጥሩ ነበር።

ነገሩ እየከረረ ሲሄድ ወደ ሽማግሌ ደረሰ። አይሳቁ። አቶ ሽባባው የሚባሉ የሠፈራችን ሽማግሌ የመሬት ወሰን የፈቱ፣ የተፋቱትን የመለሱ፣ ደም እንኳ ያደረቁ ሰው ናቸው፤ እኒህ ሰው ከሁለት ባልንጀሮቻቸው ጋር ተቀምጠው አግድም ዐሥራ አራትን አዩ። ግራ ቀኙን ከሰሙ በኋላ፣ ጠቡን ያመጣው ጋዜጣው ነውና ጋዜጣው ይፍረድ፣ መልሱ ሲወጣ የተሸነፈው በወጉ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ይጠይቅ አሉ። ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ሳያውቁት የአገር ዳኛ ሆነው ተሾሙ። እንኳን ደስ አለዎት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ኑሮዬ መናኸሪያ ሆነ። አውቶቡሱ ሳይደርስ እሄዳለሁ፣ እመለሳለሁ፣ ደግሞ እሄዳለሁ። ረዳቱ ገና ከሩቅ ሲያየኝ «ጋሼ፣ ዛሬም አልፈረዱልዎትም?» እያለ ያሾፍብኛል። ጥሩምባው ሲሰማ ከመንገዱ ማዶ የአወቀ የስፌት መኪና ድምፅ ያቆማል። ጋዜጣውን ገልጬ፣ አይቼ፣ ሳጥፈው መኪናው እንደገና ይጀምራል። እሱም ሲጠብቅ ይውል ነበር፤ ቀና ብሎ ግን አያየኝም።

ይህን ሁሉ እችለው ነበር፤ የከበደኝ የየምሥራች ነገር ነው። የምሥራች የአወቀ ልጅ ናት። ፊደል የቆጠረችው እኔ ሱቅ ውስጥ፣ በእርስዎ ጋዜጣ ባዶ ሣጥኖች ላይ ነው። ከፋሲካ በኋላ ትዳራለች። ለሠርጓ ካርድ የሚሆን ወረቀት አስቀድሜ አስመጥቼ፣ ማንም እንዳይነካው መደርደሪያው ላይ አስቀምጬ ነበር። አባቷ ዳንግላ ድረስ ሄዶ አሳተመ። መንገዱን ቢሻገር የሚያገኘውን፣ በሚኒባስ ተሳፍሮ ሄዶ አሳተመ። ለእኔ የሚሆነው ካርድ ደግሞ አልመጣም። ይህን የነገረኝ ሰው ከሱቄ ሲወጣ በሩን ዘግቼ አለቀስሁ። በዚህ ዕድሜዬ በመስቀለኛ ቃላት ያለቀስሁ የመጀመሪያው ሰው ሳልሆን አልቀርም።

ቁጥሩን እዚህ ላይ ልተወው። እርስዎም ቁጥር ይዘላሉና ይቅር ይሉኛል።

ባለፈው ሳምንት፣ ሁላችንም ተስፋ ከቆረጥን በኋላ፣ ከአየር ትንበያው ሥር በደቃቃ ፊደል «ያለፉ መልሶች» የሚል ወጣ። ሽማግሌዎቹ ሱቄ ውስጥ ተቀመጡ፤ አወቀም ተጠርቶ መጣና በሩ አጠገብ ቆመ። አቶ ሽባባው መነጽራቸውን አድርገው ፈለጉ፣ አገኙ፣ እንደገና አነበቡ። አግድም ዐሥራ አራት፦ ሾርባ።

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ? ገብስም ተሸነፈ፣ በቆሎም ተሸነፈ፤ ድንጋዩን ማን ይሸከም? አቶ ሽባባው እንባቸውን እየጠረጉ «የጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም፤ ለዚህ ሰውዬ ክረምት ማለት ብርድ ነው» አሉ። ድንጋዩም ለእርስዎ እንዲቆይ ተወሰነ።

አወቀ ግን አልሳቀም። በሩን ተደግፎ፣ ለማንም ሳይሆን፣ ስለ ታናሽ እህቱ መናገር ጀመረ። ማናለብሽ ትባል ነበር። ልጆች ሳሉ በአንዱ ክፉ ዓመት ቤቱ ውስጥ የነበረው እህል ነሐሴ ሳይገባ አለቀ። እናታቸው ሁለቱንም እየያዘች በየጠዋቱ ከጓሮ ወዳለው በቆሎ ትወስዳቸዋለች፤ ልባሱን ገለጥ አድርጋ ታያለች፤ ፍሬው ገና ውሃ ነው፤ «ነገ» ትላቸዋለች። ማናለብሽ «ነገ ነው?» እያለች ትጠይቀው የነበረው እሱን ነው። በቆሎው የደረሰው እሷ ከተቀበረች በኋላ ነው። እናታቸው የመጀመሪያውን እሸት ጠብሳ ስትሰጠው በላው፤ ተርቦ ነበርና በላው፤ እስከ ዛሬም እሸት በበላ ቁጥር ያ ትዝ ይለዋል። ይህን ተናግሮ ሲጨርስ አንገቱን ደፋ።

ያን ሁሉ ዘመን ጎን ለጎን ተቀምጠን ሣጥን ስንሞላ አንድም ቀን ነግሮኝ አያውቅም። እኔም ለዚያ ሰው ነው የዶሮ ቀለብ ያልሁት። ሽማግሌዎቹ አላዘዙኝም፤ ወጥቼ ከአጥሩ ሥር የተገኘውን ድንጋይ ትከሻዬ ላይ ጭኜ ተመለስሁ። እግሩ ሥር ሳልደርስ በሁለት እጁ አወረደልኝ፣ አቀፈኝም፤ ሁለታችንም ሕፃን ሆንን። የምሥራች በማግሥቱ ካርዱን ራሷ ይዛ መጣች።

እንግዲህ ክቡር አዘጋጅ፣ ከእርስዎ የምፈልገው ብዙ አይደለም። ሮምን ለጣሊያኖች ይተዉላቸው፤ ዘንገናን ወደ ቦታው ይመልሱልን፤ ላሟንም ያቁሟት። አግድም ዐሥራ አራትን በተመለከተ ግን እርምት እንዲወጣ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። ቢወጣም ባይወጣም የእኛው ቅጂ ላይ «በቆሎ» ተብሎ በእስክርቢቶ ተጽፏል፤ የጻፍሁትም ገብስ ባዩ እኔ ነኝ።

ለሰጡን ዳኝነት፣ ላደከሙን ጥበቃና ለዘለሉት ቁጥር ሁሉ ያለኝን ምስጋና ይቀበሉኝ እያልሁ፣ ለዓይንዎ ብርታትን፣ ለጣትዎ መቁጠርን፣ ለስብሰባዎ ፍጻሜን ከልብ የምመኝልዎት፣

ትሑት አንባቢዎና የአንድ ቀን ያረጀ ጋዜጣ ደንበኛዎ
ጢሞቲዎስ
እንጅባራ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ነሐሴ ላይ ወደ እኛ ብቅ ቢሉ በክብር እንቀበልዎታለን። ሾርባ እናጣለን ብለው አይስጉ፤ በዚያ ወር ውሃው ሞልቶናል፣ ሰው የሚያጣው ውስጡ የሚገባውን ነው።