አሥር አለቃ አማረች፣ የከባድ መኪና ሾፌር

ውዷ አማረች፣

ከተለየሽን ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀረው። ቤቱ እንደተውሽው ነው። ሽመናውን ቀንሻለሁ፤ ዓይኔ ክሩን እንደድሮው አይለይም። ልጃችን ሰላም ሥራ ይዛለች፤ ማታ እራት የምታቀርብልኝ እሷ ናት። ከሽሮ ሜዳ ስመለስ ታክሲ ውስጥ ከሾፌሩ ኋላ መቀመጥ አልሆንልህ ብሎኛል። እዚያ ስትቀመጪ፣ ቁልቁለቱ ላይ ሾፌሩ ፍሬን ለመያዝ ሲዘገይ ያንቺ እግር ወለሉን ይረግጥ ነበር። እኔ እስቅብሽ ነበር፤ አንቺ ግን የምርሽን ነበር።

ሳገባሽ ሠራዊቱ ውስጥ ከባድ መኪና ትነጂ ነበር። ሰላምን ወልደሽ ስትመለሺ "እናት ሆነሻል፣ መሪው ለወንዶቹ ይሁን" ብለው ወጥ ቤት መደቡሽ። መኪናዬን መልሱልኝ ብለሽ ደጋግመሽ ጠየቅሽ። አለቃሽ "ባል አለሽ፣ መኪናና ማዕረግ ምን ያደርግልሻል?" አለሽ። የዚያን ቀን ጫማሽን እንኳ ሳታወልቂ አልጋው ጫፍ ላይ እንደተቀመጥሽ መሸ። መንዳት ያስተማርሻቸው ወንዶች እየተሾሙ አለፉሽ፤ አንቺ በዚያው በአሥር አለቅነትሽ ጡረታ ወጣሽ።

የቀብርሽ ዕለት የሕይወት ታሪክሽን ያነበበው ሰው "በሠራዊቱ ወጥ ቤት ለረጅም ዓመታት አገልግላለች" ብሎ አለፈ። ልናገር ብዬ ተነሳሁና ቃሉ ሳይወጣልኝ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ኋላ ድንኳን ውስጥ አንድ ሻምበል አጠገቤ ተቀመጠ።

"መሪ ያስያዘችኝ እሷ ናት፣ ጋሼ" አለኝ።

"ወጥ ቤት ሲያስገቧት ይህን ለአለቆቹ ነግረሃል?" ብዬ ጠየቅሁት።

"ፈራሁ" አለና አለቀሰ።

ልቆጣው አልቻልኩም፤ ይቅር ልለውም አልቻልኩም። እንዲሁ ጎን ለጎን ተቀምጠን ዋልን።

ባለፈው ሳምንት የመቃብርሽን ድንጋይ ላሠራ ሄድኩ። ጠራቢው "ከስሟ ሥር 'ውድ ሚስትና እናት' ልበል?" አለኝ። እሱም ይግባ፣ መጀመሪያ ግን "አሥር አለቃ፣ የከባድ መኪና ሾፌር" ብለህ ጻፍ አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ።

"ይሄ የሟቿ ነው የባሏ?"

"የሷ ነው። ባሏ ሸማኔ ነው" አልኩት።

አማረች፣ በቀብርሽ ላይ ያልወጣልኝን ቃል ከእንግዲህ አልውጠውም። ስምሽ በተነሳበት ሁሉ ማን እንደነበርሽ፣ ምን እንደከለከሉሽም፣ በሕይወት እስካለሁ እናገራለሁ።

ባለቤትሽ ወልዴ
ጉለሌ