የሾላው ሥር ማሳ

ነሐሴ 24

ሽሮው አረረብኝ። እማ ጮኸች፣ እኔም ጮህኩ። ግማሽ ቢቸና ሰማን። ትምህርት ካቆምኩ ዓመት ሆነኝ፤ እስካሁን የለመድኩት መጮህ ብቻ ነው?

ከሰዓት አያ ባምላኩ መጡ። የእማ ታላቅ ወንድም ናቸው፣ የመንደሩ በረዶ መላሽ። ደመናው ሲከፋ ዘንጋቸውን ይዘው ጉብታው ላይ ይወጣሉ፣ ያነጋግሩታል፣ በረዶው የማንንም እህል ሳይነካ ያልፋል። አርባ ዓመት እንዲህ ነው። አሁን ግን ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል፤ ደመናና ጭስ አይለዩም። ሞጣ፣ ልጃቸው ወይንእሸት ጋ አርፈው ሊታከሙ ነው። ዘንጉን ጉልበቴ ላይ አስቀመጡት።

“ለምን እኔ?”

“ፈሪን ደመና አይሰማውም።”

“እኔ እኮ ተሳዳቢ ነኝ፣ አያ።”

“እሱን ትተይዋለሽ።”

ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም…

ነሐሴ 27

ሽማግሌዎች ፊት ማልኩ። ጤፉ እስኪታጨድ ከመንደር ላልወጣ፣ ደመና ላልሰድብ፣ ማሳ ከማሳ ላላበላልጥ። መምህር ጓዴም ቆሞ ነበር። ክፍል ውስጥ “አንቺ ራስሽ ባዶ ነው” ያለኝ እሱ ነው። ዳስተሩን በመስኮት ወርውሬ የወጣሁ ቀን ትምህርት አበቃ።

“እቺ ናት የምትጠብቀን?” አለ።

የእሱም ጤፍ በእኔ ላይ ሆነ። ጉድ ነው!

አያ መኪና ሲሳፈሩ፣ “ከሾላው ሥር ያለውን ማሳዬን እንዳትነኪ።”

“ለምን?”

“ስመለስ እነግርሻለሁ።”

መስከረም 5

ነካሁት።

ምን ላድርግ? ሰው ሁሉ “የባምላኩ ጦም አዳሪ” እያለ ይስቅባቸዋል። ጥቁር አፈር፣ የሰባ፣ ግን እኔ ከተወለድኩ ታርሶ አያውቅም። ጎረቤታችን ሰማው በበሬዎቹ አረሰልኝ፣ እኔ ሽምብራ ዘራሁበት። እሸቱን ሸጬ ሞጣ ፀጉር ሥራ እማራለሁ። አያም ሲያዩት ደስ ይላቸዋል።

ይላቸዋል?

መስከረም 22

ደመና መጣ፣ ትንሽ። ወጣሁ። “እባክህ እለፍ” አልኩት። አለፈ። እማ ከበር ላይ ሆና፣ “ለደመናው እንዲህ አንገትሽን ትደፊያለሽ፣ ለኔስ?” አለች። ልመልስላት ነበር… ተውኩት።

ጥቅምት 4

ሽምብራው አበበ። ማንም ሳያየኝ አንዷን ሳምኳት።

ጥቅምት 11



ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደመናው ከአባይ በኩል ተነሳ። ጥቁር አይደለም፣ እንደ ሻገተ ዳቦ ነው። ዘንጉን ይዤ ሮጥኩ። ጉብታው ላይ ስደርስ ተናገረ። ባለፈው ዝም ብሎ ነበር ያለፈው። ድምፁ ቆሎ እየቆረጠመ የሚያወራ ሰው ነው የሚመስለው።

“ከብዶኛል። የት ልጣለው?”

“ገደሉ ውስጥ።”

“አልፌው መጣሁ።”

“ወደ የጥኖራ መንደር ሂድ።”

“እዚያም እንዳንቺ የቆመ አለ። እሱ ደግሞ ጨዋ ነው።”

ስድቡ ጥርሴ ላይ ደረሰ። ዋጥኩት።

“ባምላኩ ቦታ አያጣልኝም ነበር” አለ። “አንቺስ የማንን ትሰጪኛለሽ?”

የጓዴ ጤፍ ፊት ለፊቴ ተኝቷል። ዘንጉን ወደዚያ ባዘነብለው በቃ። ማን ያውቃል? ማንም። “ባዶ” ያለኝ ሰው ባዶ እጁን ይቀር ነበር… እጄ እኮ ትንሽ ዞሯል። እውነቱን ልጻፍ፣ ዞሯል።

ከዚያ ገባኝ። የሾላው ሥር ማሳ። አርባ ዓመት ያልታረሰው፣ ለበረዶው የተተወው። ሰነፍ ሲሏቸው አንድ ቀን መልስ ያልሰጡት…

አበባው ታየኝ። ሞጣም ታየኝ።

“ከሾላው ሥር” አልኩ።

“ተዘርቶበታል እኮ።”

“አውቃለሁ! የዘራሁት እኔ ነኝ! ጣል እንጂ!”

ይኼ ስድብ አይባልም። አይባልም መሰለኝ።

ጣለ። እዚያች ቁራሽ መሬት ላይ ብቻ፣ እንቁላል እንቁላል የሚያህል። ከድንበሩ አንድ እርምጃ ወዲህ ያለ የሰው ጤፍ ጫፉ እንኳ አልተነካም። ሲያባራ ወርጄ በረዶው ላይ ተቀመጥኩና አለቀስኩ። ለሽምብራው ነው ያለቀስኩት። ግን ደረቴ ላይ የነበረው ነገር… የለም። ቀሎኛል።

ጥቅምት 12

ጓዴ ደጃችን መጣ። ባርኔጣውን አውልቆ ያዞረዋል።

“ጤፌ ደህና ነው።”

“አይቻለሁ።”

“ያኔ ክፍል ውስጥ ያልኩሽ…”

“ትዝ ይለኛል።”

“ልክ አልነበርኩም፣ ምሥራቅ።”

የምወረውረው ነገር በዓይኔ ፈለግሁ። አጠገቤ ጆግ ብቻ ነበር። ውኃ ቀድቼ ሰጠሁት።

ኅዳር 20

የመጨረሻው ጤፍ ዛሬ ታጨደ። አያም ዛሬ ገቡ! ከመኪናው ሲወርዱ፣ “ጥርስሽ እንዲህ መሆኑን አላውቅም ነበር” አሉኝ። ያያሉ! እማ እልል አለች።

ከሾላው ሥር ወሰድኳቸው። የተቆራረጠውን አገዳ በእግራቸው ነካ አደረጉት።

“ምን ነበር?”

“ሽምብራ።”

  ሾላውን ተደግፈው እስኪያስላቸው ሳቁ።

“እኔ ባቄላ ነበር። በመጀመሪያው ዓመቴ።”

“ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?”

“ብነግርሽ የኔን ትሰጪው ነበር። የራስሽን ነው የሰጠሽው።”

ዘንጉን ዘረጋሁላቸው። አልተቀበሉኝም።

ኅዳር 25

ነገ ሞጣ ነኝ። ወይንእሸት ጋ አርፌ እሷ ከምታውቃት ባለሙያ ፀጉር ሥራ ልለምድ ነው። ሰኔ ሲገባ እመለሳለሁ። ማንም ተመለሺ አላለኝም። ዘንጉን ግን እማ አልጋ ሥር አስቀምጫለሁ፣ እንዳትነካው ነግሬያታለሁ።

ከሰዓት በሾላው በኩል ሳልፍ ሰማው በሬዎቹን እየነዳ አገኘኝ።

“ለከርሞስ ልረስልሽ?”

“አይታረስም።”

“ኧረ! አሁን ደግሞ የምሥራቅ ጦም አዳሪ ሊባል ነው?”

ድሮ ቢሆን ድንጋይ አነሳ ነበር።

“አዎ፣ የኔ ነው” አልኩት።