ኪሮስ ስለ ጎማ፣ እኔ ስለ ጳጳሳት

ረቡዕ፣ ቪቴርቦ

ዋሽቻለሁ። እዚህ ካልጻፍኩት ሌላ የምተነፍስበት የለኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናቷን የምጦርላት ፓትሪዚያ፣ ቱሪስቶችን በብስክሌት ገጠር ለገጠር የምታዞር ትንሽ ድርጅት አለቻት። ባለፈው ሳምንት ወጥ ቤት ገብታ «አስጎብኚዬ ጥሎኝ ሄደ፣ ረቡዕ ደግሞ ፈረንሳዮች ይመጣሉ» እያለች ራሷን ስትይዝ አፌ ቀደመኝ። «ኪሮስ አለልሽ!» አልኳት። እውነት ነው፣ አለ። ቤተ ክርስቲያን የተዋወቅሁት ልጅ ነው፣ መቀሌ ሳለ ለክለብ የተወዳደረ ብስክሌተኛ። ይሄም እውነት ነው። «የመንገዱን ታሪክስ ያውቃል?» ስትለኝ ግን «በቃሉ ያወርድልሻል!» ብዬ አረፍኩት። ኪሮስ ስለ ጣልያን ታሪክ የሚያውቀው እኔ ስለ እግር ኳስ የማውቀውን ያህል ነው።

እሑድ ሮማ ስንገባ እንግዶቹ ደስ ካላቸው ፓትሪዚያ ኮንትራት ትፈርምለታለች። ኮንትራት ከያዘ ፔርሜሶውን፣ የመኖሪያ ፈቃዱን፣ ለማሳደስ ተስፋ አለው። ካልያዘ በሚቀጥለው ወር ያበቃል። ስደተኞች በሰፈሩበት ሰላም ፓላስ ሕንፃ ውስጥ ለሦስት በሚኖሩባት ክፍል ግድግዳ ላይ የቀን መቁጠሪያ አለ። ያቺን ቀን በቀይ እስክሪብቶ ከቧታል፣ አይቻለሁ።

ጣልያንኛው ገና፣ ፈረንሳይኛው ጭራሽ ስለሌለ እኔ አስተርጓሚ ሆኜ ተከተልኩ። የፓትሪዚያ እህት እናታቸውን ይዛልኛለች። ፈረንሳይኛዬን የለቀምኩት እዚሁ ሮማ አንዲት የሊዮን ፈረንሳዊት ባልቴት ቤት ዐሥራ አንድ ዓመት ስሠራ ነው። ሾርባና መድኃኒት ላይ ጎበዝ ነኝ።

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ቲቡርቲና ባቡር ጣቢያ ተገናኘን። እንግዶቹ ሙሴ በርናርና ሚስቱ ማዳም ኦዲል ናቸው። ሁለቱም ጡረተኞች፣ ጉልበታቸው ግን የኮበሌ። እነሱና ኪሮስ የያዙት ግራቭል የሚሉትን ነው፤ መሪው እንደ ውድድር ብስክሌት የተቆለመመ፣ ጎማው ለጠጠር መንገድ ወፈር ያለ። ለእኔ ባትሪ ያለው ተሰጠኝ። አምሳ አራት ዓመቴ ነው፣ አላፍርም።

በባቡር ቪቴርቦ ወረድን። ከዚህ እስከ ሮማ የምንሄድበት መንገድ ቪያ ፍራንቺጄና ይባላል። ድሮ ከፈረንሳይ በኩል የሚመጡ ተሳላሚዎች በእግራቸው ሮማ የገቡበት ነው።

የመጀመሪያው ፈተና የጳጳሳቱ ቤተ መንግሥት ደረጃ ሥር መጣ። እንግዶቹ ኪሮስን አዩ። ኪሮስ እኔን አየኝ።

«እትዬ ዘውዴ፣ ምን ልበል?»

«የመጣልህን በል። ብቻ ዝም እንዳትል።»

«የኋላ ጎማዎ ንፋስ አንሶታል። ነገ ሳንነሳ ይታይ።»

እኔም ወደ እንግዶቹ ዞሬ፣ ትናንት ከገዛኋት ትንሽ መጽሐፍ የሸመደድኩትን ለቀቅኩት። ካርዲናሎቹ እዚህ ተቀምጠው ጳጳስ መምረጥ አቅቷቸው ዓመት በዓመት ላይ ሲደረብ፣ የከተማው ሰው አንገፍግፎት እንደቆለፈባቸው፣ ምግባቸውን እንደቀነሰባቸው፣ በመጨረሻም ጣሪያውን እንዳነሳባቸው። እጄን እያወናጨፍኩ! ማዳም ኦዲል ሳቀች። ሙሴ በርናር ቅንድቡን አነሳ።

«አማርኛ እንዴት ያለ ቁጥብ ቋንቋ ነው!» አለ።

ምሳ ላይ ማዳም አይብ ያለበት ዳቦ ለኪሮስ ዘረጋችለት። ረቡዕ ነው፤ አመስግኖ ከኪሱ ቆሎ አወጣ። አይቡን እኔ በላሁት። ይህም ይጻፍ።

ሐሙስ፣ ካፕራኒካ

የዛሬ ድል፣ አልወደቅኩም። የዛሬ ውርደት፣ ጎማዬ ተነፈሰ። የኋላው።

ቬትራላን አልፈን ነጩ የጠጠር መንገድ ኖቾላ የሚሉት ለውዝ መሳይ ፍሬ ዛፎች መሀል ሲገባ ብስክሌቴ እንደ ሰካራም ይወዛወዝ ጀመር። ኪሮስ ወርዶ በአውራ ጣቱ ጫን አደረገውና ቀና ብሎ አየኝ።

«ትናንት ነግሬዎት ነበር እኮ!»

«መቼ?»

«ጳጳሶቹ ጋ!»

ሳቄን ልይዘው አልቻልኩም። እሱም ሳቀ። ፈረንሳዮቹ ምን እንደሆነ ሲጠይቁኝ «ስለ ዛፎቹ ነው» አልኳቸው። ሌላ ውሸት። ሲደመር ስንት ሆነ?

ዛፎቹ ሥር ኖቾላ የሚለቅሙ ባልና ሚስት ነበሩ። ኪሮስ ጎማውን እስኪሞላ ድረስ ሴትዮዋ በኮፍያዋ ሙሉ ኖቾላ ሰጠችን። የት ነው አገራችሁ ብላ አልጠየቀችም። «ትንሽ ነው፣ ሌላ ልጨምርላችሁ?» ብቻ አለች። ሃያ ስምንት ዓመት ሮማ ስኖር የማውቀው አውቶቡስ፣ ገበያ፣ ቤተ ክርስቲያንና የሰው ወጥ ቤት ነው። ሁለት ሰዓት በባቡር ርቆ ይሄ ሁሉ ነበር። ሾላ ከነቅጠሉ መንገድ ላይ ተዘርግቶ፣ እንጆሪው ክንድ እየጫረ፣ የድሮ ግንብ በየኮረብታው ብቅ እያለ። ተመስገን አልኩ። ባትሪዬ አቀበቱን ሲጎትተኝ ደግሞ ሁለተኛ ተመስገን።

አሁን ወደ ችግሩ። የዚህ አገር ገጠር በየመታጠፊያው የእመቤታችን ሥዕል ያለባት ትንሽ ጸሎት ቤት አለችው። ኪሮስ አንዷንም አያልፍም። ይወርዳል፣ ብስክሌቱን ያስደግፋል፣ ያማትባል፣ ግድግዳውን ይሳለማል፣ ይመለሳል። ዘጠኝ ቆጠርኩ።

«ኪሮስ፣ ይሄ እኮ የካቶሊክ ነው።»

«እመቤታችን ናት። ፊቷን እያየሁ ጥያት ልለፍ እንዴ እትዬ?»

ሁለት ሰዓት ዘግይተን ገባን። የአልቤርጎው ሰውዬ ለፓትሪዚያ ደውሎ ኖሯል። «ዘውዴ፣ ፕሮግራም አለ እኮ! እንግዶቹን እራት አሳጣችኋቸው!» ብላ ጮኸችብኝ። ጎማ ነው አልኳት። ግማሹ እውነት ነው።

ዓርብ፣ ሱትሪ



ሱትሪ ውስጥ ከአንድ ዐለት ተፈልፍሎ የወጣ የጥንት ሮማውያን ክብ ትርኢት ማሳያ አለ። እዚያ ላይ የተለመደውን ሠራን። ኪሮስ «ውሃ ይጠጡ እትዬ፣ ፊትዎ ቀልቷል» አለ። እኔ ስለ ግላዲያተሮች ሩብ ሰዓት ሰበክሁ። አንበሳም ጨመርኩ።

ቀጥሎ እዚያው አጠገብ ያለችው ከዐለት የተፈለፈለች ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ነበረች። ክርስቲያኖቹ ከመያዛቸው በፊት የሌላ አምላክ መቅደስ ነበረች ይላል መጽሐፌ። ቁልፍ የያዘ ሽማግሌ ከፈተልንና «ሃያ ደቂቃ፣ ከዚያ በላይ የለም» አለ።

ኪሮስ ደጃፉ ላይ ጫማውን አወለቀ። ያ ሥሩ ብረት ያለው የብስክሌት ጫማ ድንጋዩ ላይ ቀጭ አለ። ሽማግሌው «ጫማህን! ወለሉ እርጥብ ነው!» ብሎ ተቆጣ። እሱ አልሰማም። ገባ።

ብዙ ቆየ። መዳፉን አንዱ ዓምድ ላይ አሳርፎ ቆመ። ከዚያ ማንም ሳይጠይቀው ማውራት ጀመረ።

«አጎቴ ገርዓልታ የዐለት ቤተ ክርስቲያን ይጠብቅ ነበር። ሲጠግን ፋኖስ የምይዝለት እኔ ነኝ። እትዬ፣ ይሄን ዓምድ ማንም አላቆመውም። የተረፈ ነው። ዙሪያውን ሁሉ አውጥተው እሱን ተዉት። ሲጀምሩ ከላይ ነው፤ መጀመሪያ ጣሪያ፣ መጨረሻ ወለል። አንዴ የተሳሳተ ምት አይመለስም። የመሮውን ጠባሳ አዩት? እዚያኛው ግድግዳ ላይ ሁሉም ወደ ቀኝ ተጋድሟል። እዚህ ግን ወደ ግራ ነው። ሁለት ሰው ነው የሠራው፤ ይሄኛው ግራኝ ነበር።»

ሁሉም ጠበቁኝ። መጽሐፌ ቦርሳዬ ውስጥ ነው፣ ይሄ ደግሞ እሷ ውስጥ የለም። ለመጀመሪያ ጊዜ የእውነት መተርጎም ነበረብኝ። መሮ በፈረንሳይኛ ምን እንደሚባል አላውቅም። በጣቴ ግድግዳውን ቆረቆርኩ። ግራኝ ለማለት ግራ እጄን አነሳሁ። «የተረፈ ነው» የሚለውን ሁለት ጊዜ ደገምኩት፤ ለምን እንደሆነ እንጃ።

ኪሮስ ቀጠለ፤ ጥቀርሻው ጣሪያው ላይ የት እንደጠቆረ አሳይቶ መብራት የሚሰቀለው እዚህ ነበር አለ። ሽማግሌው «ፕሮፌሶሮቹ እንዲህ አላሉም!» ብሎ ተከራከረ። ተከራክሮ ግን ሄዶ ባትሪ መብራቱን አመጣ። ሁለቱ ሽቅብ አንጋጠው፣ አንዱ በትግርኛ በተቀባ ጣልያንኛ፣ ሌላው በሱትሪኛ፣ ሲጨቃጨቁ አንድ ሰዓት አለፈ። ማዳም ኦዲል መቼ ጫማዋን እንዳወለቀች አላየሁም፣ በካልሲዋ ቆማለች።

ስንወጣ ሙሴ በርናር ጠጋ አለኝ።

«ዛሬ ንግግሩና ትርጉሙ እኩል ሆኑ፣ ማዳም ዘውዴ።»

መጽሐፌን ቦርሳዬ ውስጥ ወደ ታች ገፋሁት።

«ሠላሳ አምስት ዓመት ታሪክ አስተምሬያለሁ። ካርዲናሎቹን አሳምረሽ ነው የተረክሻቸው። አንበሳው ግን ከየት መጣ?»

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ! ፓትሪዚያን ምን ትላታለህ አልኩት። «ከጠየቀችኝ የሆነውን» አለኝ። አልተቆጣም። አለመቆጣቱ ነው ያስፈራኝ።

ቅዳሜ፣ ፎርሜሎ

ጠዋት ቁርስ ላይ ለኪሮስ ሁሉንም ነገርኩት። ለፓትሪዚያ ምን ብዬ እንዳስቀጠርኩት፣ ስለ ጎማ ሲያወራ እኔ ምን ስል እንደነበር፣ ሙሴ በርናር ምን እንዳወቀ። ይስቃል ብዬ ነበር። አልሳቀም።

«ትንሽ የሚያግዙኝ መስሎኝ ነበር እንጂ ታሪክ ያውቃል ብለው ቃል መግባትዎን አላወቅኩም። ኮንትራቱን በእርስዎ አፍ ካገኘሁት፣ በሚቀጥለው ሳምንት በማን አፍ ልሠራበት ነው?»

ይቺን ቃል ዕድሜ ልኬን አልረሳትም። ለእሱ ብዬ ነው ያደረግኩት፣ ግን የሰውን ልጅ ጎበዝ አይደለም ብዬ ነው ለካ የጀመርኩት።

«እሳቸው ሳይነግሯት እርስዎ ይንገሯት» አለኝ።

ካምፓኛኖ ከተማ አደባባይ ላይ ብስክሌቴን ተደግፌ ደወልኩ። አንድም ሳልቀንስ ነገርኳት። አንበሳውን ጭምር። ፓትሪዚያ እንደ ወትሮዋ አልጮኸችብኝም። በመጨረሻ «ነገ ሞንቴ ማሪዮ ላይ እጠብቃችኋለሁ» ብላ ዘጋችው። ቫ ቤኔ፣ እሺ እንኳን አላለችም።

ከሰዓት በኋላ መንገዱ ውብ ነበር። ወንዝ በጎማ ተሻገርን፣ ካልሲዬ እስካሁን አልደረቀም። ኪሮስ ግን ወደ ኋላ ሳያይ ፊት ፊት ይሄዳል። አንዲት ጸሎት ቤት ጋ ስንደርስ ሳይወርድ አለፋት።

ከኋላ ደወል ተንጫረረ። ማዳም ኦዲል ናት፣ ቆማለች።

«ኪሮስ! ረሳሃት!»

ወርዳ ግድግዳውን ልትሳለም ስትል የራስ ቁሯ ከድንጋዩ ጋር ተጋጭቶ ጓ አለ። ኪሮስ ዞሮ አያትና ሳቀ። ተመልሶ ተሳለመ። እኔም ወረድኩ። ሙሴ በርናር ሃይማኖት የለኝም ባይ ነው፤ እሱም ብስክሌቶቹን ይዞልን ቆመ።

እሑድ፣ ሮማ

ቤቴ ነኝ። እግሬን ገንዳ ውስጥ ከትቼ ነው የምጽፈው።

ሞንቴ ማሪዮ ኮረብታ ላይ ፓትሪዚያ ጥቁር መነጽሯን አድርጋ፣ እጇን አጣጥፋ ቆማለች። ሥሯ ሮማ በሙሉ ተዘርግታለች፣ ትልቁ ጉልላት መሀል ላይ። ሰላምታ የለም።

«አሎራ» አለች፣ «ዛሬ እንግዳዋ እኔ ነኝ። ይሄ ምን ቦታ ነው?»

የተናገረችው ለኪሮስ ነው። አፌን ከፈትኩ። ያነበብኩት ሁሉ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ኪሮስ አየኝ፣ እኔም ዘጋሁት። በሕይወቴ ከዚህ የከበደ ሥራ አልሠራሁም።

ጣልያንኛው እንደ ጠጠር መንገድ ነበር፤ እየዘለለ፣ እየተንገጫገጨ።

«እዚህ… ሰዎች። ከሩቅ። በእግር፣ ብዙ ወር። እዚህ ሲደርሱ ሮማን ያያሉ። ያለቅሳሉ፣ ደስ ብሏቸው።» ቆመ። ቃል ፈለገ። «እኔ በሌላ መንገድ መጣሁ። በባሕር። መጀመሪያ ያየሁት ቲቡርቲናን ነው። አላለቀስኩም፣ ደክሞኝ ነበር። ከዚህ ላይ… ሮማን ዛሬ ነው ያየሁት።»

ፓትሪዚያ መነጽሯን አላወለቀችም። ወደ እኔ ዞረች። «የመጨረሻውን ምን ማለቱ ነው?»

«እሱን ጠይቂው» አልኳት።

ጠየቀችው። ደግሞ ነገራት፣ አሁን ትንሽ ቀጥ ባለ ጣልያንኛ።

ሙሴ በርናር የሚያውቃትን ጣልያንኛ አሰባስቦ ገባ። አስተርጓሚዋ ውሸታም ናት፣ አስጎብኚው አይደለም አለ። በፀደይ ስድስት ጓደኞች ይዤ እመጣለሁ፣ ግን በየጸሎት ቤቱ የምንቆም ከሆነ ነው አለ።

«ሁለት ሰዓት ዘገያችሁ እኮ!» አለች ፓትሪዚያ።

«ሁለት ሰዓት ተኩል» አለች ማዳም ኦዲል፣ ደስ ብሏት።

ፓትሪዚያ ሳቋን ልትደብቅ ዞራ ጉልላቱን ያየች መሰለች። ከዚያ ፈጠን ፈጠን አለች። ኪሮስ ማክሰኞ ጠዋት የግብር ቁጥሩን ኮዲቼ ፊስካሌና ፔርሜሶውን ይዞ ይምጣ። ኮንትራቱ ለጊዜው እስከ ገና ነው። ጣልያንኛ ትምህርት ይመዝገብ። ፕሮግራሙን ከነጸሎት ቤቶቹ እንደገና ይሠራዋል። «አንቺ ደግሞ ነገ ጠዋት ወደ እናቴ። ከእንግዲህ አትተረጉሚም!»

እስከ ገና ለፔርሜሶው ይበቃል አይበቃም፣ የሚያውቅ የለም። ነገ አንድ ጠበቃ እንጠይቃለን። ብቻ ቁልቁል ስንወርድ ኪሮስ ከፊቴ እጁን ከመሪው ለቆ ሲዘረጋ አየሁት፣ እንደ ወፍ። ስለዚህ ተመስገን፣ ስለ ኖቾላዋ ሴትዮ፣ ስለ ሱትሪው ባለ ቁልፍ፣ ለማዳም ኦዲል ደወልም ተመስገን። ስለ ዘጋሁት አፌም።

ስንለያይ ኪሮስ ከኋላዬ «እትዬ! ጎማዎ ደግሞ አንሶታል!» ብሎ ጮኸ። ዛሬ ሰማሁት። ወርጄ በአውራ ጣቴ ተጫንኩት። እውነቱን ነው፣ አንሶታል።