ከምግብ በኋላ የሚዋጥ

መጋቢት 3፣ ረፋድ

እማዬ ዛሬም አልበላችም። ቂንጬውን አቀረብኩላት። ስንት ሰዓት ነው አለችኝ፤ ሁለት ሰዓት አልኳት። ዘጠኝ ሳይሞላማ አይቀመስም ብላ ሰሃኑን ገፋችው። አይገርምህም፣ ደብተሬ? ሽንት ቤቱ የት እንደሆነ ይጠፋታል። እኔን ልጇን አታውቀኝም። ጾሙን ግን አልረሳችም።

ዶ/ሯ የመርሳት በሽታውን ኪኒን ስትጀምርላት ብዙ ጠይቃኝ ነበር። ሌላ የምትወስደው መድኃኒት አለ ወይ፣ ልቧን ታማ ታውቃለች ወይ፣ ወድቃ ታውቃለች ወይ። አያድናትም፣ ምናልባት ያዘገየው ይሆናል አለች። በትንሹ እንጀምር፤ ከምግብ በኋላ ስጫት፤ ካስመለሳት፣ ከከሳች፣ ካዞራት ቶሎ አምጫት። እሺ፣ እሺ አልኩ። ስለ ጾሙ እሷ አልጠየቀችኝም፣ እኔም አልነገርኳት።

ኪኒኑን በባዶ ሆዷ ዋጠችው። አሁን አስመለሳት። ቀሚሷን ደግሞ ላጠብበው ነው። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ እናቴ መክሳቷን ለማወቅ ሚዛን አያስፈልገኝም።

መጋቢት 7፣ ጠዋት

ክሊኒክ ደውዬ ነበር። ሳትበላ እንዳትሰጫት አለች ዶ/ሯ፤ ካልበላች የዚያን ቀን ይቅርባት። የእማዬ የንስሐ አባት ዘንድ ሄድኩ። ገና ጾሙ ሲገባ ፈቅጄላቸዋለሁ እኮ አሉኝ። ፈቅደዋል፤ እሷ ረስታዋለች። መላ ዘየድን፦ አባ በየጠዋቱ ይደውላሉ፣ እኔ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጌ ጆሮዋ ሥር እይዛለሁ።

ዛሬ ጀመርን። "ወለተ ማርያም፣ ታመዋል። ፈቅጄልዎታለሁ፤ ይብሉ።" ስልኩን ተሳለመችው። ምግቡን ከጓዳ እስካመጣ ረስታዋለች፤ አባ እንደገና ደወሉ። አሁን ብልሃቱ ገብቶኛል፣ ሰሃኑ ቀድሞ ጉልበቷ ላይ መቀመጥ አለበት። በላች። ሳቄም ዕንባዬም አንድ ላይ መጣ።

መጋቢት 13

ስሜን ጠራችኝ!

ከገና ወዲህ የሰፈሩ ልብስ ሰፊ ነበርኩላት፤ ቀሚሴ መቼ ያልቃል ነበር የምትለኝ። ዛሬ "ሙሉ፣ መርፌሽን ከአልጋዬ ላይ አንሺ" አለችኝ። ቁጣ ነው። እንደዚህ ደስ ያለኝ ቁጣ የለም።

ወንድሜ ዳዊት ደወለ። በጅቡቲ መስመር የጭነት መኪና ነው የሚነዳው፤ ካያት ቆይቷል። ስልኩን ሰጠኋት። ዳዊትዬ፣ ምሳ በላህ ወይ አለችው። ለፋሲካ እመጣለሁ አለኝ በኋላ። ድምፁ ልክ አልነበረም።

መጋቢት 16፣ ከሰዓት

ወደቀች። በልታ ነበር እኮ። ከወንበሯ ተነሣች፣ ፊቷ ነጣ፣ በግንባሯ ተደፋች። ከ18 ማዞሪያ ኮንትራት ታክሲ ይዤ ክሊኒክ አደረስኳት። ዶ/ሯ የልብ ምቷን ቆጠረች፣ ደግሞ በማሽን አየችው። በጣም ዝግ ብሏል። ኪኒኑ አንዳንድ ሰው ላይ እንዲህ ያደርጋል አለች፤ ከዛሬ ጀምሮ ይቆማል። ግማሹንስ ብሰጣት? አይሆንም። በየቀኑ ሳይሆን አንዳንዴስ? አይሆንም።

ስሜን ያወቀችው በእሱ ነው አልኳት። ማሽኑን አጥፍታ አጠገቤ ተቀመጠች።

"በኪኒኑ ይሁን፣ መብላት በመጀመሯ ይሁን፣ ልነግርሽ አልችልም። ብታቆም ስምሽ ይቆይ እንደሆነም አላውቅም። እንደገና ብትወድቅ ግን ላትነሣ ትችላለች።"

መጋቢት 16፣ ማታ

እማዬ ተኝታለች። ግንባሯ አብጧል። የተረፈው ኪኒን መሳቢያ ውስጥ ነው። አንድ ብቻ፣ ለነገ ብቻ እላለሁ። ነገም እንዲሁ ልል ነው። ማንን ላድንበት? ሙሉ መባል የምፈልገው እኔ ነኝ፤ የምትወድቀው እሷ ናት። አፈርኩ። ጠዋት ሄጄ ለክሊኒኩ እመልሰዋለሁ። አልሰጣትም።

ለዳዊት ደወልኩ። ጋላፊ ድንበር ላይ ወረፋ ይዟል። ለፋሲካ እመጣለሁ አልኩሽ እኮ አለ። ፋሲካ ሩቅ ነው አልኩት። ደነገጠ፣ ባሰባት እንዴ አለኝ።

"አልባሰባትም። ስምህን ገና አልረሳችም። አሁን ና።"