ጃንጥላዬን የረሳሁበት ምሳ

ሐሙስ፣ መስከረም 30

ሙቀቱ ዛሬም አልቀነሰም። ጠዋት አንድ የአልጋ ልብስ ሰፍቼ ጨረስኩ። ከሰዓት እንደ ድሬ ሰው ሁሉ በር ዘግተን ተጋደምን። ባሌ ሣህሉ በሽርጡ ማራገቢያው ሥር ተዘርሯል። ማንኮራፋቱ የማራገቢያውን ድምፅ ይበልጣል። ባቡር ጡረታ ቢያወጣውም ባቡሩ ከውስጡ አልወጣ!

ማታ ኑኃሚን ከፋርማሲ ገብታ ዙሪያዬን ትሽከረከራለች። የሆነ ነገር አለ አልኩ በሆዴ።

«እማዬ፣ እሑድ ከጢሞቴዎስ እናት ጋር ምሳ ትበላላችሁ።»

«የት?»

«ምግብ ቤት።»

«ቤት የለንም?»

«ቤት ከሆነ ሦስት ቀን ሙሉ ስትሠሪ ትሰነብቺና ደክሞሽ ታኮርፊያለሽ። ደግሞ ሽማግሌ ሳይልኩ ቤት መምጣት ይከብዳቸዋል። ዝም ብላችሁ ተዋወቁ።»

«እናንተስ?»

«እኛ አንመጣም። እኛ ካለን ታፍራላችሁ።»

ማን ነው የሚያፍረው? እኔ? ... እሺ፣ ትንሽ።

ከተግባባን በሳምንቱ ሽማግሌ ይልካሉ። ሰርጉ ጥር ላይ። ካልተግባባንስ? አልጠየቅኳትም። ፊቷን አይቼ ተውኩት። ልጁን ወዳዋለች። እኔም ወድጄዋለሁ፣ ኢንዱስትሪ ፓርክ ማሽን ይጠግናል፣ እኛም ቤት መጥቶ የስፌት መኪናዬን ሳልለምነው ዘይት ቀብቶልኛል።

እናቱ ወይዘሮ ዘነበች ሳቢያን ነው ቤታቸው። ባላቸው ሞተዋል። እንደኔ አያት ናቸው። የኔዎቹ ሁለቱ አዳማ ከልጄ ከይትባረክ ጋር ናቸው፣ የሳቸው ሁለቱ ደግሞ ጅጅጋ ከትልቋ ልጃቸው ጋር። አልፎ አልፎ ይመጣሉ አሉ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 2

ሰማያዊውን ቀሚስ ልልበስ ወይስ ነጩን? ሣህሉን ብጠይቀው «ሁለቱም ያው ነው» አለኝ። ሠላሳ ዓመት ያው ነው!

እሑድ፣ ጥቅምት 3

ከየት ልጀምር...

ሰባት ሰዓት ተኩል፣ ከዚራ ሰፈር ያለው ምግብ ቤት። ኑኃሚን ይህን ሰዓት ስትቀጥር ምን ነክቷት ነው? በዚህ ሰዓት ድሬ ላይ ዝንብ እንኳ አይሠራም።

እኔና ሣህሉ በሩ ላይ ከወይዘሮ ዘነበች ጋር ተገጣጠምን። ቀጠን ያሉ፣ ረጋ ያሉ ሰው። ነጭ ቀሚስ በአረንጓዴ ጥለት። ተሳሳምን፣ እንደገና፣ እንደገና... ዞር ብንል ኒሙ ዛፍ ሥር ያለው ጠረጴዛ ላይ ሁለት ልጆች ተሰይመዋል። ወንዱ ሰባት ዓመት ቢሆነው ነው፣ ሴቷ ግፋ ቢል አራት። የጅጅጋዎቹ! ወይዘሮ ዘነበች አየት አደረጓቸውና ፈገግ አሉ።

«ልጆቹ ቀድመውናል» አሉ።

«ይቅደሙን እንጂ፣ ልጆች አይደሉ!» አልኩ። ጥሩ መለስኩ ብዬ ደስ አለኝ።

ስማቸውን ኑኃሚን ነግራኝ ነበር፣ ጠፋብኝ። መጠየቅ ደግሞ ነውር ነው። ማሙሽ፣ ሚሚ እያልኩ አለፍኩት። እሳቸውም ማሙሽ፣ ሚሚ ነው የሚሏቸው።

አስተናጋጇ ወጥ ቤቱ በር ላይ ብቅ አለች። አየችን። ክው ብላ ተመለሰች። ሣህሉ አጨበጨበ። ብቅ አለች፣ ተመለሰች።

«ይቺ ልጅ በርጫ ላይ ናት፣ ጫቷን ትታ አትመጣም» አለኝ በጆሮዬ።

«ዝም በል፣ ይሰሙሃል።»

ማሙሽ ጭብጨባውን ወደደው። እሱም አጨበጨበና «ወርያ! ለስላሳ!» አለ። እንደ ትልቅ ሰው! ሣህሉ ሊስቅ ሲል በክርኔ ወጋሁት። ከዚያ በማንኪያ ጠረጴዛውን ይደልቅ ጀመር። ሚሚ ጠረጴዛ ሥር ገብታ ቀረች። አያታቸው እንዲቆጡ ጠበቅኩ። እኔን አይተው ፈገግ። እኔም ፈገግ።

«ልጅ ያለበት ቤት ደስ ይላል» አሉ።

«በጣም እንጂ!» አልኩ። ጆሮዬ ሊፈነዳ ነው።

ትዕዛዝ የተቀበለን ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ዘበኛው! ፊሽካው አንገቱ ላይ፣ ዱላው ብብቱ ሥር። ጥብስና ቅቅል አዘዝን። ስንቆይ፣ ስንቆይ... ጥብስና ጥብስ ይዞ መጣ። «ቅቅሉስ?» ስለው «እሱ ሥራዬ አይደለም» ብሎኝ ወደ በሩ ሄደ።

ጨዉ! ምላሴ ተኮማተረ።

«ሲጣፍጥ» አሉ ወይዘሮ ዘነበች።

«እጃቸው ይባረክ» አልኩ። ሁለታችንም ውሃ ጠጣን።

ማሙሽን ላጉርሰው ብዬ ጥብስ ጠቀለልኩለት። አፉን ግጥም። «ስጋ አንበላም!» አብሮ የመጣውን ድንችና ዳቦ ግን ከእህቱ ጋር ሙልጭ አደረጉት። የዘንድሮ ልጅ ስጋ ይጠላል እንዴ? ወይዘሮ ዘነበች ግራ ገብቷቸው አዩኝ። እኔም አየኋቸው። ተሳሳቅን። ምን ይባላል?

አንዴ ጸጥ ሲል ወይዘሮ ዘነበች ጠጋ አሉኝ። «እኔ እንኳ ለኑኃሚን ያሰብኩላት...» ሲሉ ኮካው ተገለበጠ። ሣህሉ ሱሪ ላይ። ሚሚ ከጠረጴዛው ሥር ወጥታ የረጠበ እጇን በወይዘሮ ዘነበች ነጭ ቀሚስ ጠረገች። ምን አሉ? «ይባርክሽ!» ልጅ እንዲህ ነው የሚያድገው?

ሣህሉ ሊታጠብ ሲነሳ የጫማው ክሮች እርስ በርስ ተቋጥረዋል። ሚሚ! ዛፉን ባይዝ ኖሮ በግንባሩ ነበር። ከዚህ በኋላ ምን መቀመጥ አለ? ለዘበኛው ከፍለን፣ «ሱሪውን ልቀይርለት» ብዬ ተሰናብቼ ባጃጅ ውስጥ ዘልለን ገባን። ወይዘሮ ዘነበች ከልጆቹ ጋር ቀሩ። ከኋላዬ «ኧረ ልጆቹ...» ሲሉ ሰምቻለሁ።

«ይደጉ! ይደጉ!» ብዬ እጄን አወዛወዝኩ።

ቤት ስደርስ ጃንጥላዬ የለም። ለኑኃሚን ያሰቡት ምን ይሆን?

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

«እንዴት ነበር?» አለችኝ ኑኃሚን ገና ዓይኗን ሳታሽ።

«ጥሩ ነበር።»

«ጥሩ ብቻ?»

«ጨዋ ሴት ናቸው... ትንሽ ይታሰብበት።»

ፊቷ ተቀየረ። ምን ልበላት? የልጅ ልጆቻቸውን አንድ ቀን «ተው» ያላሉ ሴት ያንቺ አማት ሆነው፣ ያ ሁሉ መዓት ቤትሽ ሲመጣ፣ አንቺ ከጠረጴዛ ሥር ልጅ ስታወጪ... ይሄ ይነገራል?

ሣህሉ «የምታገባው ጢሞቴዎስን ነው፣ የእህቱን ልጆች አይደለም» ይለኛል። ሱሪውን ያጠብኩት እኔ ነኝ። ምን አለበት እሱ።

እሑድ፣ ጥቅምት 10

ቤቱን ወልውዬ፣ መጋረጃ ቀይሬ፣ ነጩን ለብሼ ተቀመጥኩ። ሣህሉም ኮት ደረበ፣ በዚህ ሙቀት።

ሽማግሌ አልመጣም።

እኛ ገና እንቢ እንበል ወይስ እሺ ስንል እነሱ ቀደሙን?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13

ኑኃሚን እራት አልበላም አለች። ግቢ ወጥታ በስልክ ታወራለች። መስኮቱ ጋ የቆምኩት ነፋስ ፈልጌ ነው... እሺ፣ ልሰማም ነው።

«እናትህ ምን አለች? ... እንዴት ሥርዓት የላቸውም ትላለች? ... እሷም ምክንያቱን አትነግርህም? ያንተም እናት እንደኔዋ ናት ማለት ነው።»

ሥርዓት የላቸውም? እኛ? በእኔ ጠረጴዛ ላይ ማን ነው ማንኪያ የደለቀው?

ገብታ ወደ ግድግዳ ዞራ ተኛች። ፀጉሯን ልዳብሳት ብዬ እጄን መለስኩ። አንድ ነገር ማድረግ አለብኝ። ምን?

ዓርብ፣ ጥቅምት 15

ሳልረሳው ልጻፈው፣ ሳቄ ገና አልለቀቀኝም።

ጃንጥላዬን ልፈልግ ሄድኩ። ጠዋት ነው፣ ምግብ ቤቱ ባዶ። ኒሙ ሥር ስደርስ ጃንጥላዬ መሬት ላይ ተዘርግቶ ቤት ሆኗል። ውስጡ ማን? ማሙሽና ሚሚ!

ወይዘሮ ዘነበች እዚህ አሉ ማለት ነው!  ዛፉ ኋላ ተደበቅኩ። በዚህ ሰውነቴ፣ በዚያ ቀጭን ዛፍ!

«ማዘር፣ ምን ጠፍቶብሽ ነው?»

አስተናጋጇ ናት። እንደ ድሬ ልጅ ነው የምታወራው፣ ትልቅ ትንሽ የለም፣ ሁሉም አንቺ ነው።

«አያታቸው የት አሉ?» አልኳት ልጆቹን እያሳየሁ።

«አያታቸውን ታውቂያታለሽ?» ደነገጠች። «ቢዮ አዋሌ ናት። እህቷ ታማባት ሄዳ።»

«ቢዮ አዋሌ? ወይዘሮ ዘነበች?»

«ማናት ዘነበች? እናቴ ናት። ልጆቹ የኔ ናቸው።»

ዛፉን ያዝኩ። ያንቺ?

«በአላህ ይዤሻለሁ፣ ለባለቤቱ እንዳትነግሪብኝ። ልጅ ይዘሽ እንዳትመጪ ብሎኛል። የሚጠብቅልኝ ጠፋ፣ ያ እሑድ ጓሮ ቁጭ በሉ ብያቸው አምልጠው እናንተ ጋ... ወጣሁ፣ አየኋችሁ። እናንተ ደግሞ ታጎርሷቸዋላችሁ! ብጠጋ ‹እማ› ብለው ይጮሁብኛል፣ ባለቤቱ ሒሳብ ጋ ተቀምጧል። በምን ዓይኔ ልምጣ? ዘበኛውን ለመንኩት። ስጋ እንዳትነኩ ብቻ ብያቸው ነበር፣ እኛ የክርስቲያን ስጋ አንበላም።»

«ማሙሽ ነግሮኛል» አልኳት። ሳቄ መጣ። ቁጭ አልኩ። ሳቅኩ፣ ሳቅኩ... ናሲሞ (ስሟ ናሲሞ ነው) ያመመኝ መስሏት ውሃ አመጣች። በስንት ጊዜው አስተናገደችኝ!

ልጁ ዐብዲሰላም፣ እህቱ ሳሌም። አያታቸው እስክትመለስ ከሰኞ ጀምሮ እኔ ጋ ይዋሉ አልኳት። ከአፌ አመለጠ።

ወይዘሮ ዘነበች ግን... እሳቸውስ የማን መስሏቸው ነው «ይባርክሽ» ያሉት?

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 16

ሳቢያን ሄድኩ። ለማንም ሳልነግር። ባጃጅ ላይ ንግግሬን ሳጠና ሹፌሩ «ማዘር፣ እኔን ነው?» አለኝ።

ወይዘሮ ዘነበች በሩን ከፈቱ። ሳሙኝ፣ ግን ቀዝቀዝ ብለው። አንድ ሶፋ ላይ እኔ፣ ሌላው ላይ እሳቸው። 

«የልጅ ልጆችዎ ደህና ናቸው?» አሉኝ በመጨረሻ። ድምፃቸው ቀጥ ያለ ነው።

«ደህና ናቸው፣ አዳማ ናቸው።»

«መለሷቸው?»

«መቼ መጥተው!» አልኩ። «የእርስዎስ?»

«የኔማ ጅጅጋ ናቸው። ከዓመት በፊት ነው ያየኋቸው።»

ተያየን። ዓይናቸው እየሰፋ፣ እየሰፋ...

«እንዴ! ታዲያ እነዚያ የማን ናቸው?»

«የአስተናጋጇ!»

ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ የሚያለቅሱ መሰለኝ። ለካ ሳቅ ነው።

«እኔኮ» ይላሉ፣ ይስቃሉ፣ «እኔኮ ልጆቻቸውን ጥለው ሄዱ ብዬ... ‹ኧረ ልጆቹን ረሳችኋቸው› ልል ስጣራ ‹ይደጉ! ይደጉ!› ብለውኝ ሄዱ! ያደራ ልጅ ጥለውብኝ! ቁጭ ብዬ ስጠብቅ፣ ስጠብቅ... ዘበኛው ‹ይተዉአቸው፣ እዚሁ ነው የሚውሉት› አለኝ። የልጅ ልጃቸውን ምግብ ቤት የሚያውሉ ሰዎች! ልጄን እዚህ ቤት ልስጥ?»

«እኔም ያንን መዓት ነው ልጄ የምትወርሰው ብዬ...»

«ቀሚሴስ! ‹ይባርክሽ› ስል አንጀቴ እያረረ!»

«ጥብሱስ ጣፍጦዎት ነበር?»

«ጨው ነበር እንጂ የበላሁት!»

እንባችን እስኪመጣ። ከዚያ ያቺን ዓረፍተ ነገር ጨረሷት። ግቢያቸው ውስጥ መንገድ ዳር ያለችውን ክፍል ለኑኃሚን አስበውላት ኖሯል፣ የራሷን ፋርማሲ እንድትከፍትባት። ያቺ ኮካ ባትገለበጥ ይህን ሁሉ ቀን ልጄ ወደ ግድግዳ ዞራ ባልተኛች።

ማታ ለኑኃሚን ነገርኳት። መጀመሪያ ተቆጣች። «አንድ ቃል! አንድ ቃል ብትጠይቁ ምን ነበረበት?» እውነቷን ነው። ከዚያ እራቷን በላች። የኔንም።

ሰኞ፣ ጥቅምት 18

ዐብዲሰላም የሣህሉን መነጽር ለዶሮዋ አደረገላት። ማነው ይዋሉ ያለው?

እሑድ፣ ጥቅምት 24

ሽማግሌዎቹ መጡ! ሣህሉ ሳይቀመጡ «እሺ» ሊል ሲል ቆነጠጥኩት። «እንመክርበታለን» አልን። ወግ ነው። ውጭ ስንሸኛቸው ግን እኔ ራሴ «ምንም አያስቡ» ብዬ ለትልቁ ሽማግሌ በጆሯቸው... ለሣህሉ እንዳይነገር።

እሑድ፣ ኅዳር 1

መልሱን ሰጥተን ዛሬ ቤታችን አብረን በላን። ሁለት ቀን ሠራሁ፣ ደከመኝ፣ አላኮረፍኩም። ዶሮው ለእኛ። ለናሲሞና ለልጆቿ በሌላ ድስት ምስር። አያታቸው ከቢዮ አዋሌ ተመልሳለች፣ ልጆቹ ግን መንገዱን ለምደውታል። ሣህሉ ክር የሌለው ጫማ ነው ያደረገው።

ገና ሳንቆርስ ዐብዲሰላም ትሪ ይደልቅ ጀመር። ሳሌም ጠረጴዛ ሥር ገባች።

«ተው አንተ!» አለች ዘነበች (አንቺ መባባል ጀምረናል)።

«ውጪ ከዚያ!» አልኩ እኔ።

እኩል ነው የጮህነው። ናሲሞ ከሁላችን በላይ ሳቀች። ልጆቹም ቁጭ አሉ፣ ለጥቂት ጊዜም ቢሆን።

ዘነበች ከምስሩ ቆረስ አድርጋ ቀመሰች። አላመጠች። አየችኝ።

«አሰገደች፣ ይሄ ምስርሽ ጨው የሚባል ነገር አይቶም አያውቅ።»

ኑኃሚን ክው አለች። ጢሞቴዎስ «እማዬ!» አላት። ሣህሉ እኔን አየኝ፣ ላኮርፍ መስሎት።

ጨው ላመጣ ብድግ አልኩ። ወጥ ቤት ገብቼ ቆምኩ። እንደዚያ ቀን «ሲጣፍጥ» ስላላለችኝ ደስ ብሎኝ ጨዉን የት እንዳስቀመጥኩ ጠፋኝ።