ስማቸው ጎልቶ፣ ፊታቸው ጠፍቶ

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ፤

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህና ልጆችህስ ደህና ናቸው? እኛ ከሐዘናችን በቀር ደህና ነን፤ ክብሩ ይስፋ።

ሰላምታዬን ያሳጠርኩት ሆዴ ስለቆሰለ ነው። በአባዬ አርባ ዕለት የሆነውን ሰው ሳይነግርህ ከእኔው ስማ።

የላክኸውን የአባዬን ፎቶ ለማተሚያ ቤቷ ልጅ ለፍቅርተ ሰጠኋት። ገና ስታየው፣ «እትዬ፣ ይኼ ለስልክ እንጂ ለባነር አይሆንም። ፎቶ የነጠብጣብ ጥርቅም ነው፤ ሲለጠጥ ነጠብጣቡም አብሮ ያብጣል» አለችኝ። ደውዬ ነገርኩህ፤ ትልቁን ላክልኝ ብዬ ለመንኩህ። አንተ ግን «ሌላ የለኝም! አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው የኮምፒውተር ዐዋቂ የሆንሽው? ዝም ብለሽ አሳትሚ» ብለህ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋኸው።

ይኸው አሳተምኩት! ባነሩ ድንኳኑ በር ላይ ሲሰቀል ስማቸው ጥርት ብሎ ይነበባል። ፊደሉ በመስመርና በስሌት የሚሳል ነው፤ ቬክተር ይሉታል፤ ግድግዳ ቢያህልም አይደበዝዝም። ፊታቸው ግን ግራጫና ቡናማ ካሬ ብቻ ሆነ። ዐይን የለ፣ አፍንጫ የለ። ከጋፋት በእግራቸው የመጡት ወዳጃቸው አያ ጌጡ ቆመው አዩና፣ «ስሙስ የወዳጄ ነው፤ ሰውየው ማነው?» አሉ። ድንኳን ሙሉ ሰው ሰማ። መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ።

ፍቅርተ አዝና፣ «ፊታቸውንም በመስመር ልሣለው፤ ያኔ ቢሰፋም አይበላሽም» አለችኝ። ሣለችው። ጥርት ያለ ነው፤ አባዬ ግን አይደሉም። የግንባራቸውን ሽብሽብ፣ የጺማቸውን ሽበት መስመር አልያዘውም። እሱን የሚይዘው ያው ነጠብጣቡ ነው፣ ሲበዛ።

ያኔ ነው «ፎቶው እኮ ከትልቅ ላይ የተቆረጠ ነው» ብላ የባነሩን ጥግ ያሳየችኝ። አባዬ ትከሻ ላይ እጅ አለ፤ ባለቤት የሌለው እጅ። ተለጥጦ ቢፈርስም የቀለበቱ ቢጫ አልጠፋም። «የማን ነው?» ስትለኝ ባለቀለበቱን እጄን ነጠላዬ ውስጥ ሸሸግኩ።

ቡሄ ዕለት ግቢያችን ውስጥ ያነሳኸን እኮ ነው! አባዬ «ነይ ልጄ፣ ከጎኔ ቁሚ» ብለው ጠርተውኝ። ካሳሁንን ካገባሁ ወዲህ ከእኔ ጋር ገበታ እንደማትቀርብ ዐውቃለሁ፤ ችዬዋለሁ። እኔን ከፎቶው ቆርጠህ ማውጣትህንም እችለው ነበር። አባዬ ግን ምን በደሉህ?

ሙሉውን ላክልኝ። በቴሌግራም ስትልከው በፎቶ ሳይሆን በፋይል ይሁን፤ አለዚያ ያሳንሰዋል። ለሙት ዓመታቸው አሳትመዋለሁ።

እግዚአብሔር ልጆችህን ያሳድግልህ። የአባዬን ነፍስ በአብርሃም እቅፍ ያኑርልን።

ብትወድም ብትጠላም፣
እህትህ
ከደብረ ታቦር